በእጅ የሚያዝ የጨዋታ መሣሪያ ሲገዛ ዋጋው በምን ይቆጠራል?

ማንኛውም ሸቀጥ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው በመደብሩ መስኮት ተለጥፎ የሚታየው ዋጋ ነው። ሁለተኛው ግን ዕቃው ከተገዛበት ቀን አንሥቶ አገልግሎቱን እስኪፈጽም ድረስ ባለቤቱ ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ ነው። የፊተኛው በግልጽ ስለሚነገር ገዢው ይከራከርበታል፤ የኋለኛው ግን ማንም ስለማይነግረው ጥቂት በጥቂት እየወጣ ሳይታወቅ ያልቃል። አውቶሞቢል የሚገዛ ሰው ስለ ቤንዚኑና ስለ ጎማው ሳይጠይቅ አይገዛም። ዳሩ ግን ለልጁ የጨዋታ መሣሪያ የሚገዛ አባት፣ ወይም ይህንኑ ዕቃ አስመጥቶ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ስለ መሣሪያው ቀለብ መጠየቁን ሲዘነጋ ይታያል። እንዲህ ያለው ገዢ ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ነው።

በእጅ የሚያዙ የጨዋታ መሣሪያዎች ታሪክ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ምሳሌ ነው። ከ1989 ጀምሮ ብዙ ኩባንያዎች በዚህ ንግድ ተወዳድረዋል፤ የየመሣሪያውም ዋጋ፣ የባትሪው ዕድሜና የሽያጩ ውጤት በግልጽ የታወቀ ነው። ስለዚህ የሁለቱን ዋጋዎች ልዩነት በቁጥር አስልቶ ማየት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ የዶላሩም ዋጋ ዕቃው በአሜሪካ የተሸጠበት ነው።

1ኛ/ ሦስቱ ተወዳዳሪዎች

ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1889 በኪዮቶ ከተማ ሲቋቋም ሥራው የመጫወቻ ካርታ መሥራት ነበር። በመቶኛው ዓመት፣ በሚያዝያ 1989፣ ጌም ቦይ የተባለውን መሣሪያ በጃፓን ለገበያ አቀረበ፤ በሐምሌም ወር ወደ አሜሪካ ገበያ አገባው። የአሜሪካ ዋጋው 90 ዶላር ያህል ነበር። ስክሪኑ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሲሆን ከአራት ዓይነት ጥላ በቀር ሌላ ቀለም የለውም። ከውስጡም መብራት ስለሌለው በጨለማ አይታይም።

በዚያው ዓመት አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሊንክስ የተባለውን መሣሪያ አወጣ። ሊንክስ ባለ ቀለም ስክሪን ነበረው፤ ከስክሪኑም በስተኋላ መብራት ስላለው በምሽትም በግልጽ ይታያል። ግራኝ የሆነ ሰው እንኳ መሣሪያውን ገልብጦ እንዲጫወትበት ሆኖ ተሠርቶ ነበር። ዋጋው 180 ዶላር ያህል ነበር። ቀጥሎም ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ጌም ጊር የተባለውን ባለ ቀለምና ባለ መብራት መሣሪያ በጥቅምት 1990 በጃፓን፣ በ1991 ደግሞ በአሜሪካ አቀረበ። የዚህኛው ዋጋ 150 ዶላር ያህል ነበር።

ሦስቱን ዕቃዎች በመደብር ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ የተመለከተ ሰው ጌም ቦይን የሚመርጥበት ምክንያት አልነበረውም። ሁለቱ እንደ ቴሌቪዥን ያሸበርቃሉ፤ አንዱ ግን የደበዘዘ ነው። የስልሳ ዶላሩም ልዩነት ቢሆን ቀለሙን ላየ ሰው እጅግ ከባድ አይመስልም። ነገር ግን ገበያው የሰጠው ፍርድ ሌላ ሆነ። ጌም ቦይ በ1998 ከወጣው ከተከታዩ ከጌም ቦይ ከለር ጋር በድምሩ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ጌም ጊር 10 ሚሊዮን ያህል ሲሸጥ፣ ሊንክስ ከዚያም እጅግ ያነሰ ቁጥር ላይ ቀረ።

2ኛ/ የባትሪ ድንጋይ ሒሳብ

የዚህ ፍርድ አንዱ ትልቅ ምክንያት በመደብሩ ጠረጴዛ ላይ አይታይም፤ የሚታየው መሣሪያው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ጌም ቦይ በ4 የባትሪ ድንጋይ ወደ 15 ሰዓት ያህል ይሠራል። ሊንክስና ጌም ጊር ግን እያንዳንዳቸው 6 የባትሪ ድንጋይ ይፈልጋሉ፤ ያም ሆኖ የሚሠሩት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ብቻ ነው። ምክንያቱም ያ የሚያስደስተው መብራት ኃይል የሚበላ መሆኑ ነው። ጌም ቦይ መብራት ስለሌለው የሚጠቀመው በክፍሉ ወይም በደጁ ያለውን ብርሃን ነው፤ ይህም ብርሃን ዋጋ አይከፈልበትም።

እንግዲህ ለስሌት ያህል አንድ ልጅ በቀን አንድ ሰዓት፣ በዓመት 365 ሰዓት ይጫወታል እንበል። የአንዱ ባትሪ ድንጋይ ዋጋ ደግሞ 50 ሳንቲም ይሁን። የጌም ቦይ ባለቤት በዓመት 25 ጊዜ ባትሪ መለወጥ አለበት፤ ይህም 100 ድንጋይ፣ ማለት 50 ዶላር ነው። የጌም ጊር ባለቤት ግን አንዱ ሙሌት 4 ሰዓት ቢቆይለት በዓመት 92 ጊዜ መለወጥ ይኖርበታል፤ ይህም 552 ድንጋይ፣ ማለት 276 ዶላር ይሆናል።

ይህ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሲደመር ውጤቱ የሚከተለው ነው። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ጌም ቦይ 140 ዶላር፣ ጌም ጊር 426 ዶላር ያስወጣል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ጌም ቦይ 190 ዶላር ሲሆን፣ ጌም ጊር 702 ዶላር ይደርሳል። በመደብሩ መስኮት 60 ዶላር የነበረው ልዩነት በዓመቱ 286፣ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ 512 ዶላር ሆነ ማለት ነው። የጨዋታው ካሴት ዋጋ በዚህ ውስጥ ገና አልተቆጠረም።

እውነቱን ለመናገር ባለቤቱ ወጪውን የሚቀንስበት መንገድ ነበረው። መሣሪያውን በገመድ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ማገናኘት ወይም ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ለብቻው መግዛት ይችል ነበር። ሆኖም በገመድ የታሰረ መሣሪያ በእጅ የሚያዝ መሆኑ ይቀራል፤ ቻርጅ የሚደረገው ባትሪም ራሱ ተጨማሪ ዋጋ አለው። አታሪ በ1991 ሊንክስን በአዲስ መልክ አውጥቶ ዋጋውን ወደ 100 ዶላር ያህል ሲያወርድ እንኳ መሣሪያው 6 የባትሪ ድንጋይ መጠየቁን አልተወም። የተቀነሰው የፊተኛው ዋጋ ነው፤ የኋለኛው ዋጋ ግን አልጠፋም።

3ኛ/ የጌም ቦይ ብልጫ ከየት መጣ?

ጌም ቦይን የሠራው ክፍል መሪ ጉንፔ ዮኮይ የሚባል የኒንቴንዶ ሠራተኛ ነበር። ይህ ሰው ከዚያ ቀደም፣ በ1980፣ ጌም ኤንድ ዎች የተባሉትን ትንንሽ የኪስ ጨዋታዎች አውጥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የሒሳብ ማሽን የሚሠሩ ፋብሪካዎች በብርቱ ይወዳደሩ ስለ ነበር የትንንሽ ስክሪን ዋጋ ወርዶ ነበር። ዮኮይ ይህን በርካሽ የሚገኝ ዕቃ ለጨዋታ አዋለው። የሥራው መመሪያ ገና አዲስ የሆነውንና ውድ የሆነውን ጥበብ ከማሳደድ ይልቅ፣ የበሰለውን፣ የተፈተነውንና ዋጋው የወረደውን ወስዶ ለአዲስ ጥቅም ማዋል ነበር። በጌም ቦይም የሠራው ይህንኑ ነው። ባለ ቀለም ስክሪን መሥራት ስላልተቻለ ሳይሆን ቀለሙ በዋጋና በባትሪ የሚያስከፍለውን ስላወቀ ተወው።

ሁለተኛው ምክንያት ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተሸጠው ጨዋታ ነው። ቴትሪስ የተባለውን ጨዋታ አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሚባል የሞስኮ ሰው ፈጥሮት ነበር። ሄንክ ሮጀርስ የተባለው የጨዋታ ነጋዴ ለኒንቴንዶ የአሜሪካ ቅርንጫፍ ኃላፊ ለሚኖሩ አራካዋ ያቀረበው ሐሳብ እጅግ የነጋዴ ሐሳብ ነበር። መሣሪያው ከማሪዮ ጋር ቢሸጥ የሚገዙት ልጆች ናቸው፤ ከቴትሪስ ጋር ቢሸጥ ግን ሁሉም ይገዛዋል የሚል ነው። ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ፤ በአሜሪካም ጌም ቦይ ከቴትሪስ ጋር በአንድ ካርቶን ተሸጠ። ገዢው ከሳጥኑ አውጥቶ ወዲያው ይጫወታል፤ ያለ ተጨማሪ ወጪም ወራት ያሳልፋል። በአንድ ቤት ውስጥ ልጁም አባቱም የሚገለገሉበት ዕቃ ደግሞ ዋጋው ለሁለት እንደ ተከፈለ ይቆጠራል።

4ኛ/ ወጪው ቦታውን ሲለውጥ

በ2003 ኒንቴንዶ ያወጣው ጌም ቦይ አድቫንስ ኤስ ፒ የተባለው መሣሪያ ባለ መብራት ስክሪንና ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ነበረው፤ ዋጋውም 100 ዶላር ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ የባትሪ ድንጋይ ሒሳብ ከዚህ ንግድ እየጠፋ ሄደ። ይሁን እንጂ የኋለኛው ዋጋ አልጠፋም፤ ቦታውን ለወጠ እንጂ።

በዚያው ዓመት ኖኪያ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ስልክንና ጨዋታን በአንድነት የያዘውን ኤን ጌጅ የተባለ መሣሪያ በ299 ዶላር አቀረበ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ባለቤቱ አንዱን ጨዋታ በሌላው ለመለወጥ ሲፈልግ የመሣሪያውን ክዳን ከፍቶ ባትሪውን ማውጣት ነበረበት። እንዲህ ያለው ጉድለት በማስታወቂያ ላይ አይጻፍም፤ የሚታወቀው ዕቃውን በእጅ ይዘው ሲሞክሩት ብቻ ነው። ድካምም እንደ ገንዘብ ሁሉ ወጪ ነውና።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው በ2012 የታየው ነገር ነው። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ፕሌይስቴሽን ቪታ የተባለውን መሣሪያ በየካቲት 2012 በአሜሪካ በ250 ዶላር ያህል መሸጥ ጀመረ። ይህ መሣሪያ በጥራቱ የሚደነቅ ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያው ቪታ በውስጡ ጨዋታ የሚቀመጥበት ማከማቻ አልነበረውም። ስለዚህ ባለቤቱ ሚሞሪ ካርድ መግዛት ነበረበት፤ ካርዱም በሌላ መሣሪያ ላይ የሚሠራው የተለመደው ዓይነት ሳይሆን ሶኒ ለቪታ ብቻ ያዘጋጀው ነበር። ባለ 4 ጊጋባይቱ 20 ዶላር፣ ባለ 8ቱ 30 ዶላር፣ ባለ 16ቱ 60 ዶላር፣ ባለ 32ቱ 100 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። ትልቁን ካርድ የገዛ ሰው መሣሪያው 250 ሳይሆን 350 ዶላር አስወጣው ማለት ነው።

የቪታ ተወዳዳሪ የነበረው የኒንቴንዶ 3ዲ ኤስ ግን በማንኛውም ሱቅ የሚገኘውን የተለመደ ካርድ ይቀበል ነበር፤ ባለ 2 ጊጋባይት ካርድም በሳጥኑ ውስጥ አብሮ ይመጣ ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አጭር ነው። አንድ መሣሪያ የሚበላውን ቀለብ የሚሸጠው አንድ ሻጭ ብቻ ከሆነ፣ ዋጋውን የሚወስነው ያ ሻጭ ነው። ቀለቡን ብዙ ሰዎች የሚሸጡት ከሆነ ግን ዋጋውን የሚወስነው ገበያው ነው።

5ኛ/ የዋጋ መውረድና የነጋዴው መጋዘን

እስካሁን የተነገረው ይልቁንም ለገዢው የሚጠቅም ነበር። ለነጋዴው ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ እርሱም የዋጋ ድንገት መውረድ ነው።

ኒንቴንዶ 3ዲ ኤስን በመጋቢት 2011 በአሜሪካ በ250 ዶላር ያህል መሸጥ ጀመረ። ሽያጩ እንደ ታሰበው ስላልሆነ ገና አምስት ወር ሳይሞላው፣ በነሐሴ 12 ቀን 2011፣ ዋጋውን ወደ 170 ዶላር ያህል አወረደው። በጃፓንም ከ25,000 የን ወደ 15,000 የን ወረደ። ቀድመው በውድ የገዙት ሰዎች እንዳያጉረመርሙ ኩባንያው 20 አሮጌ ጨዋታዎችን በነፃ ሰጣቸው፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታም የራሱን ደመወዝ በግማሽ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ገበያ አግኝቶ በጠቅላላው ከ75 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ለኩባንያው መጨረሻው መልካም ሆነ። ነገር ግን በሩቅ አገር በራሱ ገንዘብ 50 መሣሪያዎችን ገዝቶ በመጋዘን ያስቀመጠ አንድ ነጋዴ ይታሰብ። ዋጋው በወረደበት ማለዳ ከእያንዳንዱ መሣሪያ 80 ዶላር፣ በድምሩ 4,000 ዶላር ከመጋዘኑ ጠፋ። ሌባ አልገባም፤ ዕቃውም አልተሰበረም። ኩባንያው ለመጀመሪያ ገዢዎች ጨዋታ በነፃ ሲሰጥ ለዚህ ነጋዴ የሚሰጠው ነገር የለም፤ ምክንያቱም ነጋዴው የኩባንያው ወኪል አይደለም። ስለዚህ የኩባንያው ሕጋዊ ወኪል ያልሆነና የዋጋ መውረድ ዋስትና የሌለው ነጋዴ አዲስ የወጣን መሣሪያ በብዛት ከማከማቸት ይልቅ ጥቂት እየገዛ ቶሎ ቶሎ መሸጥ ይሻለዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ምሳሌ እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

6ኛ/ የዛሬው ምርጫ

በቅርብ ዓመታት በስፋት ከሚነጻጸሩት መሣሪያዎች ሁለቱ የኒንቴንዶ ስዊች 2 እና ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ስቲም ዴክ ናቸው። ስዊች 2 በሰኔ 5 ቀን 2025 ሲወጣ የአሜሪካ ዋጋው 449 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበር። ስቲም ዴክ መጀመሪያ በየካቲት 2022 ወጣ፤ ኦሌድ የተባለ የተሻለ ስክሪን ያለው ዓይነት ደግሞ በኅዳር 2023 ሲወጣ የዝቅተኛው ዋጋ 549 ዶላር ነበር። በመስኮቱ ዋጋ ሲታይ ስዊች 2 በ99 ዶላር ይረክስ ነበር። አሁን የኋለኛው ዋጋ ይመርመር።

ስዊች 2 ጨዋታውን የሚቀበለው በካሴት ወይም ከኢንተርኔት በማውረድ ነው። ከመሣሪያው ጋር በአንድ ቀን የወጣው ማሪዮ ካርት ወርልድ የተባለው ጨዋታ ዋጋ 80 ዶላር ያህል ነበር። በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር ለመጫወትም ኒንቴንዶ የአባልነት ክፍያ ይጠይቃል፤ ዝቅተኛው በዓመት 20 ዶላር ያህል ነበር። ስቲም ዴክ ግን በእጅ የሚያዝ ኮምፒዩተር ነው። ጨዋታዎቹ የሚገኙት ከኢንተርኔት በማውረድ ሲሆን፣ የሚሸጡበት መደብር ብዙ ጊዜ ታላቅ ቅናሽ ያደርጋል፤ በኢንተርኔት ለመጫወትም ቫልቭ የአባልነት ክፍያ አይጠይቅም።

ለስሌት ያህል አንድ ቤተሰብ በሁለት ዓመት 5 ጨዋታዎች ይገዛል እንበል። የስዊች 2 ጨዋታ አንዱ በ70 ዶላር፣ የስቲም ዴክ ደግሞ በቅናሽ ጊዜ በ30 ዶላር ይገዛ። የስዊች 2 ወጪ፦ መሣሪያው 450፣ ጨዋታው 350፣ የሁለት ዓመት አባልነት 40፤ ድምር 840 ዶላር። የስቲም ዴክ ወጪ፦ መሣሪያው 549፣ ጨዋታው 150፤ ድምር 699 ዶላር። በመስኮቱ የረከሰው መሣሪያ በሁለት ዓመት ውስጥ በ141 ዶላር ተወደደ።

ነገር ግን በዚህ ሒሳብ ላይ መቆም ስሕተት ነው። ካሴት ተጫውተው ሲጨርሱ ለሌላ ሰው የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ከስቲም ዴክ መደብር የወረደ ጨዋታ ግን አይሸጥም። ቤተሰቡ 5ቱን ካሴቶች በግማሽ ዋጋ ቢሸጣቸው 175 ዶላር ይመለስለታል፤ ያን ጊዜ የስዊች 2 ወጪ ወደ 665 ዶላር ወርዶ እንደ ገና ከስቲም ዴክ ያንሳል። በአንጻሩ ደግሞ ልጁ የሚፈልገው አንድ የኒንቴንዶ ጨዋታ ብቻ ከሆነ፣ ያ ጨዋታ በስቲም መደብር ስለማይሸጥ ንጽጽሩ ራሱ ይቀራል። እንግዲህ ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ መልስ የለም። ለእያንዳንዱ ቤት ግን የራሱ መልስ አለ፤ የሚገኘውም በእርሳስና በወረቀት ነው።

ሁለት ነገሮች ደግሞ በተለይ መታወቅ አለባቸው። የመጀመሪያው፣ ስዊች 2 ጨዋታ ለማስቀመጥ የሚቀበለው ማይክሮ ኤስ ዲ ኤክስፕረስ የተባለውን አዲስ ካርድ ብቻ ነው፤ በስልክ ውስጥ የነበረ አሮጌ ሚሞሪ ካርድ አያገለግልም። ሁለተኛው፣ ለዚሁ መሣሪያ ከሚሸጡት ካሴቶች አንዳንዶቹ በውስጣቸው ጨዋታው የለም፤ ያለው መክፈቻው ብቻ ሲሆን ጨዋታው ከኢንተርኔት መውረድ አለበት። ይህም በካሴቱ ሳጥን ላይ ስለሚጻፍ ገዢው ማንበብ ይገባዋል።

7ኛ/ በአገራችን ለሚገዛና ለሚሸጥ

በኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚገኙት በውጭ አገር ከሚኖሩ ዘመዶች በስጦታ፣ ወይም ከዱባይና ከሌሎች ከተሞች ከሚያመጡ ነጋዴዎች ነው። በዚህ መንገድ የመጣ ዕቃ ሲበላሽ ዋስትናው ዕቃው በተገዛበት አገር ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገዢው አራት ነገሮችን አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል።

የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የጃፓን ኃይል 100 ቮልት፣ የአሜሪካ 120፣ የእኛ አገር 220 ቮልት ነው። በቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ከሌለ ሶኬት ውስጥ ማስገባት አይገባም።

ሁለተኛው ዕቃው የተሠራበት አገር ገደብ ነው። ስዊች 2 በጃፓን ሲወጣ በሁለት ዓይነት ቀረበ፤ ጃፓንኛ ብቻ የሚያውቀው በ49,980 የን፣ ብዙ ቋንቋ የሚያውቀው በ69,980 የን። ርካሹ ጃፓንኛ ለማያነብ ሰው አይረባም፤ የሚሠራውም በጃፓን ከተመዘገበ ሒሳብ ጋር ብቻ ነው። የ3ዲ ኤስም ካሴቶች የአንዱ አካባቢ በሌላው አካባቢ መሣሪያ ላይ አይሠሩም ነበር። በርካሽ ተገኘ ተብሎ የተገዛ ዕቃ ርካሽነቱ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ መከፈል የለበትም።

ሦስተኛው የኢንተርኔት ወጪ ነው። የዛሬ ትልልቅ ጨዋታዎች በአሥር ጊጋባይት የሚቆጠሩ ናቸው። በቤቱ ገደብ የሌለው ኢንተርኔት ያለው ሰው ይህን አያስብም፤ በሞባይል ጥቅል ለሚያወርድ ሰው ግን የአንዱ ጨዋታ ማውረጃ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ጨዋታው በሙሉ ያለበት ካሴት ይሻላል።

አራተኛው የውጭ ምንዛሬ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ አስቀድሞ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። መሣሪያውን ከዚያ በፊት የገዛ ሰው የመሣሪያውን ዋጋ በአሮጌው ምንዛሬ ከፍሏል፤ ከዚያ በኋላ የሚገዛቸውን ጨዋታዎችና የአባልነት ክፍያውን ግን የሚከፍለው በአዲሱ ነው። ስለዚህ በየጊዜው ዶላር የሚጠይቅ ዕቃ አንድ ጊዜ ብቻ ከሚጠይቀው ይልቅ ለምንዛሬ መለዋወጥ የተጋለጠ ነው። ክፍያውም የሚፈጸመው በኢንተርኔት ከሆነ ለዚሁ የሚሆን የባንክ ካርድ መኖሩ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

8ኛ/ ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ ስድስት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል። መሣሪያው በአንድ ሙሌት ስንት ሰዓት ይሠራል? አንዱ ጨዋታ ስንት ያወጣል፤ በዓመትስ ስንት ይገዛል? ሚሞሪው ከማንኛውም ሱቅ የሚገኝ ነው ወይስ አንድ ኩባንያ ብቻ የሚሸጠው? በየዓመቱ የሚከፈል ነገር አለን? ጨዋታውና መሣሪያው ሲሰለቹ ይሸጣሉን? ኩባንያውስ አገልግሎቱን እስከ መቼ ይሰጣል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ኒንቴንዶ የ3ዲ ኤስን የኢንተርኔት መደብር በመጋቢት 2023 ለግዢ ዘጋው፤ በሚያዝያ 2024 ደግሞ በኢንተርኔት የመጫወቱን አገልግሎት አቆመ። በካሴት የተገዙት ጨዋታዎች ግን ዛሬም መሣሪያው እስከ ሠራ ድረስ ይሠራሉ።

እነዚህን ጥያቄዎች ገዢው ቢጠይቅ ገንዘቡን ያድናል። ገዢው ሳይጠይቅ ነጋዴው ራሱ ቢነግረው ግን የሚያገኘው ጥቅም ከአንድ ሽያጭ ይበልጣል። በወሩ መጨረሻ ያልታሰበ ወጪ የመጣበት አባት የሚያማርረው ኒንቴንዶን ወይም ሶኒን አይደለም፤ እነርሱን አያውቃቸውምና። የሚያማርረው ዕቃውን በእጁ የሰጠውን የሰፈሩን ባለ ሱቅ ነው። በአንጻሩም፣ «ይህኛው ያምራል፤ ነገር ግን ለቤትዎ የሚስማማው ያኛው ነው» ብሎ ከነምክንያቱ ያስረዳው ነጋዴ ዘንድ ያው አባት ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይመለሳል፤ ጎረቤቱንም ይዞ ይመጣል። ጌም ቦይ ተወዳዳሪዎቹን ያሸነፈው ባለቤቱን በየሳምንቱ ሱቅ ስላላስሮጠው እንደ ሆነ ሁሉ፣ ነጋዴም ደንበኛውን የሚያቆየው ያልተነገረ ወጪ ባለመሸጥ ነው።